ሁለት ሰው የሚይዝ ወንበር

ከአፕል ቫሊ ከተማ ብዙ የማይርቀውን የበረዶ መንሸራተቻ ጉብታ የአገሬው ሰዎች ተራራ ይሉታል። ወሎ ውስጥ ቢሆን ጤፍ ይዘሩበት ነበር እንጂ ስም የሚያወጣለት አይገኝም። ሜዳ አገር ግን ጉብታውን እንደ አንድ ልጁ ያሞላቅቃል፤ ሰማዩ በረዶ ሲነፍገው መድፍ በሚያካክሉ ማሽኖች ይረጩበታል፣ መንገዶቹንም በምልክት ለይተዋል፦ አረንጓዴ ክብ ለጀማሪ፣ ጥቁር አልማዝ ለእብድ።

አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጄ ያን ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፉ ብቻዋን ልትወርድ ነው። የትምህርት ቤት ትርኢቷ ሁለት ጊዜ በሥራ ምክንያት አምልጦኛል። «ስወርድ ካላየኸኝ ሁለተኛ አልጠራህም» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ቁም ነገር በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው። ይህን ብላ ቀድማን ወጣች።

አብረውኝ የነበሩት የምኖርበት የሲዋርድ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ። ሁለታችንም በተከራየነው ጫማና ሸርተቴ እየተንገዳገድን ወንበሮቹ ዘንድ ደረስን። ወንበሮቹ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥለው ይዞራሉ፤ ሳይቆሙ ከኋላ መጥተው አፍሰው ይዘው ይነሳሉ።

«ይቅደሙ ጋሼ።»

«ኧረ አንተ ቅደም፣ ልጅ የምትጠብቅህ።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

ሦስት ወንበር ባዶውን አለፈ። አራተኛው መሐላችንን አምኖ ሁለታችንንም ከጀርባ ገፍትሮ ጣለን። የወንበሮቹ ተቆጣጣሪ ቀዩን ማቆሚያ ቁልፍ ስትጫን ገመዱ በሙሉ ቆመ። ልጄ እላይ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

«ወንበሩ እኮ ሁለት ሰው ይይዛል!» ብላ ጮኸችብን ሴትዮዋ።

ጋሼ በረዷቸውን እያራገፉ፣ «እሱንማ እናውቃለን» አሉኝ በአማርኛ። «ነገሩ ማን ይቅደም ነው።»

በመጨረሻ ተቆጣጣሪዋ ራሷ ጎን ለጎን አቁማ አስቀመጠችን። ወንበሩ ሲያነሳን ድምፅ ሁሉ መሬት ላይ ቀረ። ከማሽኖቹ የሚወጣው ጉም ፀሐይ ገብቶበት ወርቅማ ሆኗል። በአውራ ጎዳናው ላይ መኪኖቹ ያለ አንዳች ጩኸት ይፈስሳሉ። የከበደኝ ጫማ የሌላ ሰው እግር ላይ ያለ መሰለኝ። የናቅሁት ጉብታ ከሥራችን እየሰፋ፣ እየረዘመ ሄደ፤ ጫፉ ከጉሙ ውስጥ ይጠፋል፣ ደግሞ ይወጣል። ያን ጊዜ ተራራ ነው ቢሉኝ አልከራከርም ነበር።

ከዚያ ቢጫ ጃኬቷ ከጉሙ ወጣ። አልጠበቀችኝም። ጎንበስ ብላ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየታጠፈች ልክ ከጫማዬ ሥር አለፈች። ስሟን ጠራሁ፤ ቀና አላለችም።

«ወረደች?» አሉ ጋሼ፤ የወንበሩን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ከፊታቸው አልነቀሉም።

አንገቴን አዙሬ እስከ ታች ሸኘኋት። «ወረደች። ሳትወድቅ።»

ታች ቆማ መጀመሪያ ጫፉን ቃኘች፤ ከዚያ ወንበሮቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። እኛ ጋ ስትደርስ ክንዴን በሙሉ አወዛወዝኩ። አየችኝ። ቀጥላም የተረጨባትን በረዶ ከጉልበቷ አራግፋ እንደገና ልትወጣ ወደ ወንበሮቹ ሰልፍ ዞረች።