ከሃያ ወደ አንድ የወረደችው ዘፈን

ባለፈው ቅዳሜ በሆሎዌይ መንገድ በአውቶቡስ ስናልፍ የልጅ ልጄ ሊዲያ ከስልኳ ቀና ብላ ጮኸች። «እማማ፣ ስሙልኝ! የምወደው ዘፈን ነምበር ዋን ገባ!» እኔም አፌ ቀደመኝና፣ «ውይ ልጄን፣ አይዞሽ» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ዝናቡ በመስኮቱ ላይ ይንሸራተታል፤ እኔም አብሬው ከስልሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እትዬ ዘነበች ባለቤታቸው ለሥራ ወደዚህ ፈረንጅ አገር ሲመጡ ሕፃን ልጃቸውን እንድይዝላቸው ከአዲስ አበባ ይዘውኝ መጡ። ቤታችን ክላፋም ነበር። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት እንኳ ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ ነው። ቁጥር ግን የቤቱን፣ የአውቶቡሱን እያየሁ ለመድኩ። ዓይን ሥራ አይፈታም።

ብርዱ ገብቷል። የከሰሉ ጭስ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት እንድገዛ ብሪክስተን ገበያ እላካለሁ፤ መንገዴ ላይ አንድ የዘፈን ሸክላ መሸጫ ነበር። ጊታር ሲንጫጫ፣ ጸጉራቸውን በቅባት ያስተኙ ጎረምሶች በሩ ላይ ይወዛወዛሉ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል አንዲት ዝግ ያለች ዘፈን ነበረች። የምትዘፍነው ልጅ እግር ናት። ቃሉን አላውቀውም፤ ብቻ ድምጿ መሀል ላይ ስብር ይላል፣ እንስራ ተሸክማ ዳገት ላይ ትንፋሿን እንደምትሰበስብ ሴት። ከጎረቤቱ ሱቅ ሆምጣጤ የነካው የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣ ዘፈኗ ትመጣለች።

አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሳንጎራጉራት ባለሱቁ ሽማግሌ ሰሙኝና ወጡ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣታቸው ነኩልኝ። በየሳምንቱ የሚለወጥ የሃያ ዘፈን ዝርዝር ነው፣ ከነቁጥሩ። የእኔዋ ስም መሀል ሁለት ክብ ፊደሎች እንደ ዓይን ተጎራብተዋል። ቁጥሯ ሃያ። ሃያ! ደስታዬን አልቻልኩትም። ሃያ በግ ያለውና አንድ በግ ያለው እኩል ነው እንዴ?

በሳምንቱ ብሄድ አሥራ አራት። ምን አጠፋች? አልኩ። በዚያው ሰሞን ደግሞ እትዬ ዘነበች ለባለቤታቸው፣ «አስካለ አልለመደችም፤ ብንመልሳት ይሻላል» ሲሉ ከበሩ ኋላ ሰማሁ። አገሬን ጠልቼ አይደለም። እንጀራ እናቴ ሚስቱ ለሞተችበት አንድ አዛውንት ልትድረኝ ቃል ሰጥታ ነበር፤ የሚጠብቀኝ እሱ ነው። የልጅ ነገር፣ ከዘፈኗ ጋር ዕጣዬን አሰርኩ፤ እሷ ከቆየች እኔም እቆያለሁ።

ዘጠኝ ሆነች። አምስት። ሦስት። ወረቀቱን አይቼ በተመለስኩ ቁጥር ሽንኩርት ስከትፍ አለቅሳለሁ፤ ሽንኩርቱ ሸፈነልኝ ብዬ።

ገና ሲቃረብ ቁጥሯ አንድ ሆነ። ከአንድ በታች ምን አለ? ምንም። ሱቁ በር ላይ ልጃገረዶች ተሰልፈዋል፣ እየተቃቀፉ፤ እንባ ያቀረረችም አለች። ለቅሶ ሊደርሱ ነው፣ ይኼ አገር ለዘፈንም ይለቀስበታል አልኩ በልቤ። ከካፖርቴ በላይ የደረብኩትን ነጠላ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ከኋላቸው ተሰለፍኩ።

ተራዬ ሲደርስ እትዬ ለጓንት መግዣ የሰጡኝን ገንዘብ ዘርግቼ፣ «ፊኒሽ?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«ፊኒሽ? ኖ፣ ኖ፣ ማይ ዲር! ነምበር ዋን!» ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። ሃያን ነክተው እጃቸውን ወደ ወለሉ፣ አንድን ነክተው ወደ ጣሪያው። ሦስት ጊዜ ደጋገሙልኝ። ሲገባኝ ገንዘቡን ሰጥቼ ሸክላዋን ተቀበልኩ።

ሽንኩርቱን ረስቼ ሸክላዬን ታቅፌ ቤት ገባሁ። እትዬ በር ላይ ደነገጡ።

«ምነው? ማን ሞቶ ነው ነጠላሽን ያዘቀዘቅሽው?»

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ! ሞተች ስል አንደኛ ወጥታ ነው!»

ሁሉንም ነገርኳቸው። በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቁ፤ ኋላ ግን ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አንቺ ሞኝ! እኔ እኮ አገሬን እያልሽ የምታለቅሺ መስሎኝ ነው። አሳዝነሽኝ ነው ልመልስሽ ያልኩት።»

«እኔ ደግሞ አስቸግሬዎ ሊያባርሩኝ መስሎኝ።»

«መቅረት ነው የምትፈልጊው?»

«ልቅር፣ እትዬ። አይመልሱኝ።»

ከዚያ እንዳልነካው የተከለከልኩትን ግራሞፎን ከፈቱና፣ «ነይ፣ አንቺው አስቀምጪው» አሉኝ። መርፌውን ሳሳርፈው ጫር ጫር አለ፤ ቀጥሎ ያ ስብር የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ይኼን ለሊዲያ ስነግራት ፌርማታችን አለፈን። በዝናብ ወደ ኋላ በእግር ተመለስን፤ እሷ እየሳቀች፣ እኔ እያዘገምኩ። ሰሞኑን እኔም ሌላ ቁጥር ሲወርድ አያለሁ። ከቅዳሴ በኋላ አብረን ሻይ የምንጠጣ ባልቴቶች አሥራ ሁለት ነበርን፤ ቆይቶ ሰባት ሆንን፤ ባለፈው እሑድ ሦስት ወንበር ብቻ ሳብን። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ሳልከትፍ አለቀስኩ።

አሁን ግን ያቺ ወደ ጣሪያው የተቀሰረች የሽማግሌው ጣት ትታየኛለች። ምን ይታወቃል፣ ዛሬም ከተሳሳተው ጫፍ ይሆናል የምቆጥረው።