አርባ ላይ የታሰረ ፍጥነት

በመሥሪያ ቤታችን ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት የሠራች ሴት ናት። ጣቷ ቁልፉን ሳታይ ያገኘዋል፤ ቃለ ጉባኤ እየጻፈች ቀና ብላ ታወራለች። እንዲህ ያለችውን ሰው ነው «ኤሊ» ያልናት። አልናት እላለሁ፤ ከጎኗ ተቀምጬ አብሬ ስቄያለሁና ራሴን አላወጣም።

አምና መብራት በየሰዓቱ ሲጠፋ ላፕቶፗ ሥራ መሀል እየሞተ አስቸገራት። የኮምፒውተር ባለሙያውን ጠርታ፣ «ወንድሜ፣ ባትሪው ትንሽ እንዲቆይልኝ አድርግ» አለችው። መጣ፣ ነካካ፣ ሄደ። ባትሪው ቆየ። ከዚያ ወዲህ ግን እሷ መስመሩን ጽፋ ትጨርሳለች፣ ፊደሎቹ ገና እየተንጠባጠቡ ይደርሳሉ። መብራቱ ተስተካከለ፤ ማሽኑ ያው። ባመለከተች ቁጥር ባለሙያው፣ «እርጅና ነው እትዬ» ይላታል፣ የማን እርጅና እንደሆነ ሳይለይ።

ኃላፊው ደግሞ «በስንፍና ሥራ አጓትታለች» ብሎ ከሰኞ ጀምሮ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ክፍል የሚያዛውራት ደብዳቤ ጻፈ። መስኮት የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ መሰላል የሚወጣበት ክፍል ነው። ጉልበቷን እንደሚያማት ሁላችንም እናውቃለን። ማን አፉን ከፈተ? ማንም።

ዓርብ ጠዋት፣ «እስቲ ተነሣልኝ» አለችኝ። የእኔና የእሷ ላፕቶፕ በአንድ ቀን የተገዙ መንትዮች ናቸው። በእኔው አንድ ቃለ ጉባኤ ጻፈች፤ አሥራ አራት ደቂቃ። ያንኑ በራሷ ጻፈች፤ ሃምሳ። ሁለቱን ወረቀት ይዛ ባለሙያውን ከወሬው መሀል አስነስታ አመጣችው።

«ጣቴ እዚህ ወንበር ላይ ወጣት፣ እዚያ አሮጊት ነው?»

ባለሙያው በእሷ ላፕቶፕ ላይ የኃይል ቅንብሩን ከፈተ። የማሽኑ አንጎል የሆነው የፕሮሰሰሩ ጉልበት በመቶኛ የሚወሰንባቸው ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ በባትሪ ሲሠራ፣ አንዱ ሶኬት ላይ ሲሰካ። ሁለቱም አርባ ላይ ተቀምጠዋል።

«ያኔ እኮ... ባትሪው እንዲቆይ ብዬ...»

«ሶኬቱ ምን በደለህ?»

የሶኬቱን መቶ አደረገው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ የላፕቶፑ ሆድ ጋለ። «አታቃጥልብኝ፣ ቀንስለት» አለችው። ዘጠና ላይ ረጋ፤ ፊደሎቹም ጣቷ ሥር ሥር መሄድ ጀመሩ። ባለሙያው የባትሪውንም ሊነካ ሲል እጁን ያዘችው። «እሱን ተው፤ እሱን ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ወሬውን ሰምቶ መጣ። «እሰይ! እንኳን ተገኘ» ብሎ ዞረ።

«ደብዳቤውስ ጌታዬ?»

«በቃል ሽሬዋለሁ።»

በቃል! በማኅተም አዋርዶ በቃል መካስ የትም ያለ የኃላፊ ልማድ ነው። እሷ ላፕቶፗ ፊት ተቀመጠች። በአራት ደቂቃ መሻሪያውን ጽፋ፣ አትማ፣ ፊቱ ዘረጋችው። «የዘገየው መሣሪያው እንጂ ሠራተኛዋ አይደለችም» ይላል።

«ይቺን ዓረፍተ ነገር አውጫት።»

«ፋይሌ ውስጥ ሰነፍ ተብዬ ተጽፌያለሁ። እሱንስ ማን ያወጣልኛል?»

ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት፤ ከወራት በኋላ፣ አያስመሰግነኝም። «ይፈርሙ» አልኩ። ከኋላዬ አንዷ ደገመችው፣ ቀጥሎም ሌላው።

ኃላፊው እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ፤ ቆሞ ፈረመ። እሷም ማኅተሙን ራሷ አምጥታ አስመታችው።