ሰው ያልረገጠው ደሴት ላይ የረገጥኩት እበት

ንጋት 11 ሰዓት፣ ወረታ
ሐይቁ ዳር ያለው ሩዛችን ደርሷል፤ ለአጨዳ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጉማሬ ከጣና ወጥቶ እንዳይጨርሰው ሌሊት ሌሊት ቆርቆሮ እየደበደብን በተራ እንጠብቃለን። የዛሬ ማታው ተራ የኔ ነበር። ባለቤቴ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አለኝ። የምሄደው ወዴት መሰላችሁ? ጉማሬ ልጎበኝ! አትሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው በዱካው ነው፤ እህሌን የሚበላውን እንግዳ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን ልየው ብዬ ነው።

2 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር
በሐሙሲት በኩል፣ በሚኒባስ፣ ጉልበቴን የሽንኩርት ከረጢት ተጭኖት ደረስኩ። አስጎብኚያችን ቢኒያም ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሷል፤ የኪሶቹን ሥራ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔንና ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስትን ሰብስቦ «ሰው ረግጦት የማያውቅ ደሴት ነው» አለን።

8 ሰዓት፣ ደሴቱ
አራት ሰዓት ሙሉ በጀልባ። ስወርድ መጀመሪያ የረገጥኩት እበት ነው።
«የዱር እንስሳ ነው» አለ ቢኒያም በሹክሹክታ። ሚስትየዋ ፎቶ አነሳችው።
«ወንድሜ፣ እኔ ይሄን ጠፍጥፌ ነው ያደግሁት። የላም ነው።»
«እሽሽ! ጉማሬው ይሰማናል።»
ድንኳን ተተከለ። መኮሮኒ በላን፣ እሱንም በሹክሹክታ። ጉማሬ የለም።
ሲመሽ ከማዶ የቆርቆሮ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ ኋላ ቀጥ አለ። ቢኒያም ዓይኑን ጨፍኖ «የተፈጥሮ ጸጥታ!» አለ። እኔ ግን ቆርቆሮው እንደገና ይሰማ እንደሆን ጆሮዬን ወደ ማዶ አቀናሁ።

በማግሥቱ፣ 12 ሰዓት ተኩል
የማሳ ጎረቤቴ አያ ይርጋ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ጭቃውን እያቦኩ በእግራቸው መጡ። ላማቸው ጠፍታባቸው ነው። ለካ ውኃው ሲሸሽ ደሴቱ ከየብሱ ጋር ይገጥማል! ዞረን ዞረን የደረስነው ከማሳዬ ጀርባ ነው።
«አንች! እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»
«ጉማሬ ልናይ መጥተን ነው፣ አያ ይርጋ።»
«ጉማሬውማ ሩዝሽ ውስጥ አድሮ ገና አሁን ውኃ ገባ። ባልሽ ቆርቆሮውን ተንተርሶ ተኝቷል።»

1 ሰዓት፣ ማሳዬ
ጀልባውን ትተን ተከተልናቸው፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከሩዙ ሲሶው የለም። ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል። ቢኒያም ግን ዱካው ላይ ተንበርክኮ ፊቱ በርቷል።
«እትዬ፣ እውነተኛው ቦታ እኮ ይሄ ነው! ዛሬ እዚህ ድንኳን ብንተክልስ?»
«ትከል፣ ወንድሜ» አልኩና ቆርቆሮውን ከነዱላው አስታቀፍኩት። «ብቻ እንዳታንሾካሹክ።»