አምስቱ ፍንዳታዎች

የያዙኝ ጉለሌ ውስጥ፣ ከማስተምርበት ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። ምክንያቱ ደብተሬ ነበር። ከአንድ የውጭ መጽሔት የገለበጥኩት የሩቅ ጋላክሲ ሥዕል አለበት፤ እንደ ውኃ አዙሪት የተጠማዘዘ፣ በክንዶቹ ላይ አምስት የመስቀል ምልክቶች ያሉት። በእያንዳንዱ ምልክት ጎን «ፍንዳታ» ብዬ የታየበትን ዓመት ጽፌአለሁ። እዚያ ጋላክሲ ውስጥ ሲፈነዱ የታዩ ከዋክብት ናቸው።

ቀበሌው ያጎረን ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ መጋዘን ነበር። የበርበሬው ሽታ ገና አልለቀቀውም። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች እያስነጠስን በጎናችን እንተኛለን።

መርማሪው ደብተሩን ገልጦ ምልክቶቹን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገና ቦምቦቹ የት የት እንደሚጠመዱ ጠየቀኝ። የሰማይ ነገር መሆኑን፣ ብርሃኑ ከዚያ የተነሳው ሰው የሚባል ፍጡር ሳይኖር መሆኑን ነገርኩት። እሱ ግን አንደኛው ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ሌላው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ደርሼበታለሁ አለ። ከዚያ በኋላ ውስጥ እግሬን ገረፉኝ።

ተሸክመው ሲመልሱኝ ቦታ የለቀቁልኝ አንድ የቀጨኔ ሸማኔ ናቸው። ልጃቸው ስለተሰወረ፣ እሱ እስኪገኝ በምትኩ የታሰሩ ሽማግሌ። ምን እንደሣልኩ ጠየቁኝ። አቧራው ላይ በጣቴ ሣልኩላቸው፤ ብርሃኑ ስንት ዘመን እንደተጓዘም አስረዳኋቸው። ሥዕሉን በጣታቸው ተከተሉ።

«እንግዲህ ዛሬ የምናየው ድሮ የሆነውን ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ይከብዳል?»

በእውነት የተናደድኩት ያን ጊዜ ነው። መርማሪውም ቢፈልግ ይገባው ነበር። አልፈለገም።

በሦስተኛው ቀን ቃሌ ነው የተባለ ጽሑፍ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። «ምልክቶቹ ቦምብ የሚጠመድባቸው ቦታዎች ናቸው» ይላል። መርማሪው እስክሪብቶ አቀበለኝ።

«ፈርምና ተገላገል።»

ዐረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት። ከሥሩ «ይህ ጋላክሲ ነው። አምስት ከዋክብት ሲፈነዱ ታይተውበታል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ቀጥሎ የሆነውን አልዘረዝርም።

ከስምንት ወር በኋላ ሂድ ተባልኩ። ለምን እንደታሰርኩ፣ ለምን እንደተፈታሁ የነገረኝ የለም። ሸማኔውን ከእኔ በፊት አንድ ጠዋት ጠርተው ወስደዋቸዋል። እንደተፈታሁ ቀጨኔ ወርጄ ቤታቸውን አፈላለግኩ። ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው፣ አልመጡም አሉኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ሳወራ ሰዎች «ጊዜው እንዲያ ነበር» ይሉኛል። ጊዜ በር አይከፍትም፤ ስም አይጠራም። ያን ጠዋት በሩን የከፈተው፣ የሸማኔውን ስም ከወረቀት ላይ ያነበበው ጊዜ ሳይሆን ሰው ነበር።