በማን ጣት ገባሁ?

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ለምን» ይሏታል። የፈላ ውኃና በረኪና የጣቶቿን መስመር አጥቦ ጨርሶታል፤ የጠያቂነት አመሏን ግን አላጠበላትም።

የአንሶላ መጋዘኑ በር ላይ ጣት፣ ፊትና ዓይን የሚያነብ መሣሪያ የተገጠመ ቀንም አላረፈችም።

«ልጄ፣ ሦስቱንም ለምን?» አለችው መሣሪያውን የገጠመውን ባለሙያ።

«አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይይዛል፣ እትዬ። ሌባ ሦስቱን መስረቅ አይችልም።»

«የት ነው የምታስቀምጣቸው?»

«ኮምፒውተር ውስጥ።»

«አንድ ላይ? እንግዲያማ ሌባውን ድካም ቀነስክለት!»

ለመመዝገብ የተሰለፉት አጣቢዎች ሳቁ፤ ባለሙያው ወደ ሽቦዎቹ ዞረ። ማንስ ይመልሳል? የሰውን ገላ መመዝገብ እንጂ ስለ መዘገቡት ገላ ሲጠየቁ መመለስ ማን ለምዶ!

መሣሪያው ጣቷን አልቀበል አለ። ሦስቴ አስነካች፣ ሦስቴ ቀይ በራ። ሠራተኛውን የሚመዘግበው የመጋዘኑ መዝጋቢ ፊቷንና ዓይኗን ብቻ ወሰደና «ይበቃል፣ ሂጂ» አላት።

ወር ሳይሞላ አርባ አንሶላ ጠፋ። መዝገቡ ሲታይ ሐሙስ ከሰዓት መጋዘን የገባችው እትዬ ለምን ናት።

«መሣሪያ አይዋሽም» አላት የማጠቢያ ቤቱ ኃላፊ። «ነገ ዕቃሽን አስረክቢ።»

ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቃል! ግን አመል አይለቅ፤ አንገቷን ወደ ስክሪኑ አሰገገች።

«በምኔ ገባሁ ይላል? በፊቴ ነው በዓይኔ?»

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አነበበ። «በጣት።»

«በማን ጣት?» ኃላፊውን፣ መዝጋቢውንና ባለሙያውን በሩ ድረስ ወሰደቻቸውና አሥሩንም ጣቶቿን ተራ በተራ አስነካች። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ።

መዝጋቢው አንገቱን ደፋ። ለካስ የምዝገባው ዕለት፣ ጣታቸው አልነበብ ላለ ስድስት አጣቢዎች የራሱን አውራ ጣት አስነክቶላቸው ኖሯል!

«ቅጹ ባዶ ቦታ አያሳልፍም፤ ሰልፉም ረዘመብኝ» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ሐሙስም በዚያው ጣት የገባሁት እኔ ነኝ፤ መሣሪያው ከስድስቱ የአንቺን ስም ጻፈ። አንሶላውን ለላይኛው ፎቅ ወስጄ መመዝገቡን ረሳሁት። ጠፋ ሲባል ደግሞ ፈራሁ።»

ባለሙያውም ከደሙ ንጹሕ አልነበረም፦ ሰው እንዳይጉላላ ብሎ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ከተነበበ በሩ እንዲከፈት አድርጎታል። ሦስት ቁልፍ አለው የተባለ በር በየትኛውም አንዱ ከተከፈተ፣ ለሌባ ሦስት ቀዳዳ ተገኘለት ማለት ነው!

«በይ ነጻ ወጥተሻል፤ ወደ ሥራሽ» አላት ኃላፊው።

«ቆይ! ቁልፌ ቢሰረቅ ጓጉንቸሩን እቀይራለሁ። ዓይኔ ቢሰረቅ ምኑን ልቀይር? ያስቀመጣችሁትን አሳዩኝ።»

ስሟ፣ ፊቷና ዓይኗ ማንም በሚከፍተው አንድ ማህደር ውስጥ ተኮልኩለው ነበር። ባለሙያው አፈረ። የውሸቱን ጣት ሰረዘ፤ ፎቶዎቹን ያለ ምስጢር ቃል ወደማይፈቱ ቁጥሮች ለወጠ፤ የፊቱን ለብቻ፣ የዓይኑን ለብቻ፣ ስሟን ሌላ ቦታ አኖረ፤ በሩም ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ካልተስማሙ እንዳይከፈት አደረገ። እሷ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀምጣ፣ በየመሐሉ «ይሄኛውስ ለምን?» ትለዋለች።

ኮምፒውተሩን ዘጋ። በሩ ፊት ቆመች፤ አረንጓዴ በራ። ግን አልገባችም።

«ጡረታ ስወጣስ ልጄ፣ ዓይኔን ይዤው ነው የምሄደው ወይስ እዚሁ ትቼው?»

ባለሙያው የዘጋውን ኮምፒውተር መልሶ ከፈተ።