የጓንቱ ባዶ ጣት

ሆስፒታሉ ውስጥ የሴትየዋን እውነተኛ ስም የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሁሉም «እትዬ ምድጃ» ይሏታል፤ እሷም አቤት ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ረጅም የጭስ ማውጫ ያለው ቤት አለ። ደም የነካው ፋሻ፣ ቱቦና መርፌ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። ሰው ሲድን ሐኪሙን ያመሰግናል፤ ከሕመሜ የተረፈውን ማን አቃጠለልኝ ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልተፈጠረም።

እሷ ሥራዋን ትወደው ነበር። ይህን ስትናገር ይስቁባታል እንጂ እውነቷን ነው። ደም የነካው የሚገባበት ቢጫ ከረጢት ለብቻው፣ የተራ ቆሻሻው ጥቁር ከረጢት ለብቻው፣ መርፌ በካርቶን ሣጥኑ። ቢጫው ውስጥ የሙዝ ልጣጭ ካገኘች ክፍሉ ድረስ ሄዳ ነርሷን ታፋጥጣታለች። ምድጃው በደንብ ሳይግል አንዲት ከረጢት አታስገባም፤ አመዱንም ሳይበርድ አትነካም። ሲበርድ በሲሚንቶ የተገነባው ጉድጓድ ውስጥ ትከተውና ክዳኑን ትቆልፋለች። በእጇ ያለፈ ነገር ተመልሶ ሰው አይነካም። ኩራቷ ይኸው ነበር።

ቤቷም ገብታ ያው ናት። ከአንድ ልጇ ጋር በምትኖርበት ክፍል የተሰበረ ብርጭቆ በባዶ እጅ መልቀም ክልክል ነው። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። ከሟች አባቷ ቁመቱንና ረጃጅም ጣቶቹን ወርሳለች። እናትየዋ አጭር ናት፤ ጣቶቿም አጫጭርና ወፋፍራም ናቸው። ልጅቷ አንዳንዴ መዳፏን ከእናቷ መዳፍ ጋር ገጥማ፣ አንቺን ሲሰፉ ጨርቅ አልቆባቸው ነው እያለች ትቀልድባታለች።

ጣጣው የመጣው ከጓንት ነው። ንብረት ክፍሉ የሚያድለው ውስጡ ጨርቅ የሆነ ወፍራም የጎማ ጓንት ልኩ የወንድ እጅ ነው። እትዬ ምድጃ ስታጠልቀው የጣቶቹ ጫፍ ባዶውን ይንጠለጠላል። እሱንም የሚያድሉት ሲያሻቸው ነው። ማቃጠያው ቤት ትታው ስትሄድ ተሰርቆባት ያውቃል፤ በኋላ አትክልተኛው ጽጌረዳ ሲከረክምበት አይታዋለች። ከዚያ በኋላ ባዶ እጇን የሠራችበት ወቅት ከልቧ ስላልወጣ፣ ቀን ቀን እረፍት ስታደርግ ወገቧ ላይ ትሰካዋለች፤ ማታ በበረኪና አጥባ፣ በፌስታል ጠቅልላ ቤቷ ትወስደዋለች። ከማቃጠያው ግቢ ምንም ነገር አይወጣም የሚለውን ደንብ ለአዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው ራሷ ነች። ይሁንና ጓንቱን እንደ ዕቃ መቁጠር ትታ ነበር፤ የገዛ እጇ ቆዳ ሆኖባታል። ከቤቷ በር ጀርባ እሱ የሚሰቀልበት ምስማር ነበረው።

የዚያን ዕለት የመጣው የመርፌ ሣጥን ከአፉ በላይ ሞልቶ ነበር። የመጣበትን ክፍል ላዩ ላይ ልታነብና ነርሷን ልትቆጣ አሰበችና ምድጃው ግሎ ስለጠበቃት ተወችው፤ በመዳፏ ገፋ አድርጋ ክዳኑን ዘጋችው። ምንም አልተሰማትም። በረኪናም አልቆ ስለነበር ጓንቱን በውኃና በሳሙና ለቅለቅ አድርጋ ይዛው ገባች።

ቤት ስትደርስ ንፋስ የመስኮቱን መስተዋት አውርዶታል። እናትየዋ ጓንቱን ምስማሩ ላይ ሰቅላ ውኃ ልትቀዳ ወደ ግቢው ወጣች። ሌላ ልጅ ቢሆን ስብርባሪውን በባዶ እጁ ይለቅመው ነበር። ይህቺ ልጅ ግን የእናቷን ምክር የሰማች ናት፤ ጓንቱን ከምስማሩ አውርዳ አጠለቀችው። መስማቷ ነው የጎዳት።

እናት ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ ልጇ አንድ እጇን ከጓንቱ መዝዛ ጣቷን ጎርሳለች። ልብስ ሰፊ ሲወጋው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብርጭቆ ቆረጠሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«መርፌ ነው መሰለኝ» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «መርፌ ደግሞ ለእኔ ብርቅ ነው እንዴ?»

እናትየዋ ባልዲውን አስቀመጠች። ጓንቱን ከመሬት አነሳችና ገለበጠችው። በረጅሙ ጣት ጫፍ፣ የእሷ ጣት ደርሶበት በማያውቀው ባዶ ቦታ፣ ተሰብሮ የቀረ መርፌ ተሰክቷል። ቀጭን ነው፤ መሐሉ ክፍት ነው። የልብስ መርፌ መሐሉ ክፍት አይሆንም።

«ጣትሽን ከአፍሽ አውጪው፣ የኔ ልጅ» አለቻት፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

በሳሙና አሳጠበቻት፤ ታክሲ ውስጥ ከተተቻት። ሆስፒታል እስኪደርሱ እናት ስታለቅስ፣ ገና ምኑም ያልገባት ልጅ ስታባብላት ሄዱ።

ሐኪሙ ታጋሽ ሰው ነበር። አለቃዋ የጽዳት ኃላፊው አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ ጓንቱን ቤቷ ትወስድ እንደነበር ሁሉንም ሳትደብቅ ተናገረች፤ ከፈለጋችሁ አባሩኝ ብቻ ልጄን አድኑልኝ አለች። ሐኪሙ በደም የሚተላለፈውን በሽታ የሚከላከል መድኃኒት ዛሬውኑ እንደሚጀመርላት፣ አደጋው አነስተኛ ቢሆንም የለም እንደማይባል አስረዳቸው። ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞረ።

«ሣጥኑ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ካወቅን በሽተኞቹን መርምረን ምናልባት ዛሬውኑ እንገላገል ይሆናል፤ የክፍሉ ስም ላዩ ላይ ተጽፎበታል። የት አለ፣ እናቴ?»

«ተቃጥሏል።»

«የተረፈ ነገር የለም?»

«እኔ ያቃጠልኩት አይተርፍም፣ ዶክተር።»

ይህንን ቃል ስንት ዓመት ደረቷን ነፍታ ተናግራዋለች። አሁን ከአፏ ሲወጣ እንደ ሬት መረራት። ክፍሉን ለማስታወስ አእምሮዋን ብታስጨንቀው፣ ብታስጨንቀው የሚመጣላት የቢጫ ክምር ብቻ ሆነ፤ ከየክፍሉ የመጣውን በአንድ እሳት ነው ያቃጠለችው። ልጇን ነርሷ ጋር ትታ ወደ ማቃጠያው ቤት ሮጠች። አመዱ ሳይበርድ የምድጃውን በር ከፈተች፤ ጽሑፍ ያለበት አንዲት ቁራጭ ካርቶን ባገኝ ብላ በብረት ዘንግ ማማሰል ጀመረች። ነጭ አመድና ተጣብቆ የቀለጠ መርፌ ብቻ ነበር። ሥራዋን እንዲህ አሳምራ በመሥራቷ ራሷን ረገመች። የጽዳት ኃላፊው ትከሻዋን ይዞ ባያወጣት ኖሮ አመዱን በእጇ ትዝቀው ነበር።

መድኃኒቱ ልጅቷን አጥወለወላት፤ ያቀመሷትን ሁሉ ትመልሳለች። የመጀመሪያው የደም ምርመራ ንጹሕ ነው ተባለ፤ ግን ገና ምንም አይናገርም፣ የሚናገረው የኋለኛው ነው አሏቸው። እናትየዋን ለማባረር ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ ምድጃውን የሚረከብ ሲጠፋ በማስጠንቀቂያ አለፏት። የተሰጣትን አዲስ ጓንት አሁን ማቃጠያው ቤት ትቆልፍበታለች። ያ ምስማር ባዶ ቀረ።

ልጅቷ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችው። ቢወጋኝና ደሜ የሰው ልብስ ላይ ቢፈስስ ብላ ነው። በልብስ አይተላለፍም፣ በብርጭቆም በማንኪያም አይተላለፍም፣ ሐኪሙም ነግሮሻል እያለች እናት ጠዋት ማታ ትጨቀጭቃታለች። እሷ እሺ ትላለች። እሺ ካለች በኋላ ግን ጨርቁን ከመኪናው ላይ አታነሳም።

አንድ ቀን እናት ከሥራ ስትገባ ምስማሩ ላይ ቢጫ ፌስታል ተሰቅሎ አገኘችው። ከሱቅ የመጣ ተራ ፌስታል ነው። ውስጡ የልጇ ብርጭቆ፣ ማንኪያዋ፣ ማበጠሪያዋና ፎጣዋ አለ። ልጅቷ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች።

«ለየሁት፣ እማዬ» አለች። «ቢጫ ለብቻው አይደል ያልሽኝ?»

እናትየዋ ወደ ምስማሩ ተራመደች። አንቺ የሚቃጠል ነገር አይደለሽም፣ እኔ እናትሽ እያለሁ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም እያለች ፌስታሉን ልታወርድ እጇን ሰደደች። እጇ ግን ፌስታሉ ጋ ሳይደርስ ተመለሰና ወደ ወገቧ ወረደ፤ ጓንቱን ፈለገ። ያለ ጓንት ቢጫ ነገር መንካት ከተወ የቆየ እጅ ነው፤ እሷን አላማከራትም።

ወዲያው ባነነች። ፌስታሉን ቀደደችው፤ ብርጭቆውን አወጣች፤ ውኃ ቀዳችበትና ልጇ እያየቻት እስከ ጠብታው ጨለጠችው። ከዚያም ሞልታ ጠጪ ብላ ዘረጋችላት።

ልጅቷ ብርጭቆውን አላየችውም። ጓንት ፍለጋ ወደ ወገብ የወረደውን የእናቷን እጅ ቀድማ አይታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።