ዳገት ያቃታት የቢሮ መኪና

ጥር ወር፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የቢሯችን መኪና ከሆሞሻ ወደ አሶሳ የሚያመጣውን ዳገት መውጣት አቅቷት መሃል መንገድ ላይ ቆመች። የተሳፈርነው ሾፌሩና እኔ ብቻ ነበርን፤ ከኩርሙክ መመለሳችን ነው። ጭነታችን አንድ ትርፍ ጎማ፣ አንድ ጀሪካንና የእኔ ቦርሳ ስለነበር በክብደት ልናመካኝ አንችልም።

«እንግዲህ አየህ» አለኝ ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ስቦ።

አየሁ። የሄድኩትም ለዚሁ ነበር።

ክልሉ ከተቋቋመ ብዙ አልቆየም። እኔ በዘጋቢነት የምሠራበት የማስታወቂያ ቢሯችን የተውሶ ቤት ውስጥ ነበር፤ ጠረጴዛው ከአንዱ መሥሪያ ቤት፣ ወንበሩ ከሌላው የመጣ። መኪናዋም ሌላ ቦታ አገልግላ ነው እኛ ጋ የደረሰችው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ቀድሞ ቆሟል። ስንት እንደሄደች የሚያውቅ አልነበረም፤ ብዙ መሄዷን ግን የመቀመጫዎቹ ስፖንጅ ይመሰክራል።

ከገና ወዲህ ጉልበቷ ወረደ። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፣ ቁልቁለት ላይ እንከን የላትም፣ ዳገት ስታይ ግን ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ፣ ከዚያ ቆመች ነው። ግቢው ውስጥ ወሬ ተነሣ። ሾፌሩ ናፍጣውን እየሸጠ በላምባ ይተካዋል ተባለ። ማን እንደጀመረው አጣርቼ ነበር፤ እያንዳንዱ ከሌላ ሰው መስማቱን እንጂ ያየ አላገኘሁም።

ኃላፊያችን ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ዕድሜው ከሾፌሩ ልጆች ብዙም የማይርቅ ሰው ነበር። ሁለታችንንም ጠራንና እስከ ሰኞ ምክንያቱ ካልታወቀ ሾፌሩ ቁልፉን ለሌላ አስረክቦ ወደ መተከል እንደሚዛወር ነገረን። መተከል በካርታ ጎረቤታችን ነው፤ በመኪና ግን ዓባይን ለመሻገር አገር መዞር ነበረበት። ሾፌሩ ሚስቱንና ልጆቹን ከወለጋ ያመጣው በዚያው ዓመት ነው። የቤቱ ጣሪያ ተመቷል፣ ግድግዳው ገና አልተመረገም።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ ለኩርሙኩ የትምህርት ቤት ዘገባ ከሾፌሩ ጋር እንድሄድ፣ ስመለስም እሱ የነገረኝን ሳይሆን ያየሁትን እንድነግረው አዘዘኝ። ይህን ሁሉ ሾፌሩ ፊት ነው የተናገረው።

«ይምጣ» አለ ሾፌሩ። «ብቻ ስትቆም እሱም ወርዶ ይግፋ።»

ጠዋት ናፍጣ ሲሞላ አጠገቡ ቆምኩ። ናፍጣ የሚመጣልን በበርሜል ነበር። በርሜል ደግሞ ዝገት አለው፣ አሸዋ አለው፣ አንዳንዴም ውኃ። ስለዚህ በከተማው መኪና ያለው ሁሉ ናፍጣ የሚቀዳው በጨርቅ አጥልሎ ነው። የእሱ ጨርቅ የሚስቱ አሮጌ ነጠላ ነበር። አራት አድርጎ አጥፎ ናፍጣው በሚፈስበት ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ይዘረጋዋል፣ ሲጨርስ ጨምቆ ከወንበሩ ኋላ ይሰቅለዋል። ንብረት ክፍሉ ከሚቆልፈው በርሜል በትንሽ ጠርሙስ ቀድቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አየኝና ጨርቁን መጭመቁን ቀጠለ።

ዳገቱ ላይ ከቆምን በኋላ ዜና ሳጣራ እንደማደርገው በቅርብ ካለው ጀመርን። ፍሬን ይዟት ቢሆን የጎማው ብረት ይግላል፤ አራቱንም ዳሰስን፣ ፀሐይ ካሞቀው በላይ የጋለ የለም። ፍሪሲዮን ቢያልቅ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ባለችበት ትቀራለች፤ የእኛ ሞተር ግን ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ድምፁ ይወርዳል። አየር ቢያጥራት ጥቁር ጭስ ታወጣለች፤ ከኋላዋ ጭስ አልነበረም። የአየር ማጣሪያውንም ፈታነው፤ በየማታው የሚያራግፈው ስለሆነ ንጹሕ ነው። የናፍጣ ፊልትሮውን ደግሞ በዚያው ሰሞን ቀይሮት ለውጥ አላመጣም።

የቀረው የላምባው ወሬ ነበር። ሁለተኛ ጠርሙስ አወጣሁና ከፊልትሮው ሥር ቀዳሁ። ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን ይዤ ወደ ፀሐይ አነሣኋቸው። ቀለማቸው አንድ ነው። አሸተትኳቸው፤ ሽታቸውም አንድ ነው።

«ካልረካህ ቅመሰው» አለኝ።

ጥላ ሥር ተቀምጠን ትንሽ አረፍን። ሲያስነሣት ምንም እንዳልነካት ሆና ዳገቱን ያዘች፤ ደስ ሊለን ሲል መታጠፊያው ላይ ቆመች። እንደገና አረፍን፣ እንደገና ሄደች፣ እንደገና ቆመች። በማስታወሻዬ ላይ «ስታርፍ ይሻላታል» ብዬ ጻፍኩ።

በዚህ መሃል ሰሊጥ የጫነ አሮጌ የጭነት መኪና ከኋላችን ደረሰ። የሚነዳው ባለቤቱ ነው፤ የበርታ ተወላጅ፣ ኩርሙክና አሶሳ የሚመላለስ ነጋዴ፣ ከሾፌራችን ጋር በመንገድ የሚተዋወቁ። መንገዱን ስለዘጋንበት ወርዶ መጣ።

«ኦቦ፣ ዛሬ ደግሞ የመንግሥት መኪና መንገድ ላይ ያድራል?»

ሾፌሩ የሆነውን ሁሉ ነገረው። እኔም ስታርፍ እንደምትሻል ጨመርኩ። ሰውየው ሳቀ።

«ያ ኡስታዝ» አለኝ በዐረብኛ፣ መምህር ማለቱ ነው፤ «ይሄ ወባ ነው። ይጥላል፣ ይለቃል፣ ይጥላል።» ከዚያ ሳቁን ተወና በእጁ ወደ ታንኩ አመለከተ። «ሞተሩ ሲጠባ እዚያ ውስጥ አንድ ነገር መጥቶ አፉን ይዘጋል። ሲያርፍ ይወድቃል። የእኔም እንዲህ ሆኖ ነበር።»

ምን ሆኖ እንደተገኘ ጠየቅኩት። ታንኩን ያጠበለት ሌላ ሰው ስለሆነ እሱ እንዳላየ ነገረኝ። ስለዚህ የሰማሁትን እንደ ግምት ያዝኩት።

ግምቱን ግን እዚያው መሞከር ይቻል ነበር። ሾፌሩ የናፍጣውን ቱቦ ከፊልትሮው ነቀለ፤ ነጋዴው የጎማ መንፊያውን አምጥቶ በቱቦው ወደ ታንኩ ነፋ። መጀመሪያ እንቢ አለ። ከዚያ አንድ ነገር የለቀቀ ይመስል መንፊያው ቀለለ፣ ታንኩ ውስጥ ሲንቦቀቦቅ ሰማን። ቱቦውን መልሰው አየሩን ካስወጡ በኋላ መኪናዋ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ጨረሰች። አናቱ ላይ ስንደርስ ነጋዴው ከኋላችን ክላክስ እያደረገ አለፈን።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ታንኩ ወረደ። ኃላፊው ራሱ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ መምጠጫውን ቱቦ ሲያወጣ ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት አይታይም ነበር፤ እንደተባዘተ ጥጥ ያለ ግራጫ ነገር ጠቅልሎታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ኃላፊው።

ሾፌሩ ቆንጥሮ አወጣና በጣቶቹ መሃል አሸው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄዶ ነጠላውን ከወንበሩ ኋላ አመጣና ወደ ፀሐይ ዘረጋው። መሃሉ ሳስቶ ወንፊት መስሏል።

«ከዚህ ነው» አለ። «ቆሻሻ እንዳይገባ ብዬ ክሩን ስጨምርበት ከርሜያለሁ።»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። ያየሁትን በተራ ነገርኩት፦ ሁለቱ ጠርሙሶች አንድ መሆናቸውን፣ ስታርፍ ይሻላት እንደነበር፣ ቱቦው ሲነፋ መውጣቷን፣ አሁን ደግሞ የጨርቅ ክር መገኘቱን።

«ስለዚህ ላምባ አይደለም» አለ።

«አላገኘሁም።»

«ግን ጥፋቱ የእሳቸው ነው ማለት ነው?»

«ከተማው ሁሉ በጨርቅ ነው የሚያጠልለው» አልኩት። «ጀኔሬተራችንም።»

ሁላችንም ዞረን አየን። ጀኔሬተሩ ከግድግዳው ሥር ነበር፤ ከጥቅምት ጀምሮ አምፖል ሲበዛበት እየደከመ ይጠፋል። ማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ነጭ ሻሽ ታስሯል። እንዲታሰር ያዘዘው ኃላፊው ነበር።

ኃላፊው ሄዶ ሻሹን በእጁ ፈታና እጥፍጥፍ አድርጎ ኪሱ ከተተው። ሲመለስ ሾፌሩን ገበያ ውስጥ የሽቦ ወንፊት ይገኝ እንደሆነ ጠየቀው። ሾፌሩ ሱዳን ሰፈር የሻይ ማጥለያ የሚሸጡ እንዳሉ፣ ደርበው ቢያስሩት እንደሚሠራ መለሰ።

«ለመኪናዋም ለጀኔሬተሩም ይግዙ» አለው።

ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ወደ ባምባሲ ለዘገባ ወጣን። መሪውን የያዘው ያው ሾፌራችን ነበር። ከከተማው መውጫ ያለውን ዳገት መኪናዋ በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው።